ስለ ኮርነርባክ ልጅዎ ለጠየቁን እህት፦ ከፍጥነቱ በፊት የዘጠነኛ ክፍል ወረቀቱን ይመልከቱ

እህቴ፣ የ17 ዓመት ልጅዎ አሥረኛ ክፍል እንደሆነና በአሜሪካ ፉትቦል ኮርነርባክ (የተቃራኒውን ቡድን ኳስ ተቀባይ የሚከላከል) ሆኖ እንደሚጫወት፣ አሰልጣኙ ወደፊት ሊከፈለው የሚችል ተጫዋች ነው እንዳሉዎት፣ ባለቤትዎ ግን ትምህርቱን ያበላሽበታል ብለው ስለሚሰጉ ምን ማድረግ እንደሚሻል ጠይቀዋል። እኔም ሜሪላንድ ውስጥ ኮርነርባክ ያሳደግሁ እናት ነኝ። ልጅዎ እዚህ ይወለድ አገር ቤት አልጻፉም፤ በ17 ዓመቱ አሥረኛ ክፍል ከሆነ ግን እንደ እኔ ልጅ ትምህርቱን አዲስ አበባ ጀምሮ የመጣ ይመስለኛልና በዚያው ልክ እመልስልዎታለሁ።

1. ቦታውን ራስዎ ይወቁት። የጨዋታውን ሕግ አልዘረዝርም፤ እሱን ልጅዎ ይነግርዎታል። ባለቤትዎ ሊረዱት የሚገባው ግን ኮርነርባክ ከሜዳው ሁሉ ከባድ ከሚባሉት ቦታዎች አንዱ መሆኑን ነው። የተቃራኒው ቡድን ተቀባይ ወዴት እንደሚሮጥ አስቀድሞ ያውቃል፤ ኮርነሩ ግን ሳያውቅ ወደ ኋላ እየሮጠ፣ የተቀባዩን ዓይንና ትከሻ ትቶ ወገቡን እያየ፣ በቅጽበት ዞሮ እኩል መድረስ አለበት። በኤንኤፍኤል፣ ማለትም ተጫዋቾች በሚከፈላቸው ትልቁ ሊግ፣ ከ1978 (ዓመታቱን በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው) ወዲህ ተቀባዩን መግፋት የሚፈቀድለት በመጀመሪያዎቹ 5 ያርዶች ውስጥ ብቻ ስለሆነ፣ ከዚያ በኋላ የሚያድነው እግሩና ትዕግሥቱ ነው። ልጄ አዲስ አበባ እግር ኳስ በክንፍ ይጫወት ስለነበር እግሩ ሥራውን ቶሎ ለመደው፤ ትዕግሥቱ ግን ጊዜ ወሰደበት። በአንድ የዓርብ ማታ ጨዋታ ተቀባዩ ወደ ውስጥ የሚታጠፍ መስሎ አታለለውና ልጄ አንድ እርምጃ ሲከተለው ወደ ጥልቁ ሮጦ ነጥብ አስቆጠረበት። አጠገቤ የተቀመጡ ወላጆች ልጁ ይውጣ ብለው ሲጮኹ ሰምቻለሁ። በመጨረሻው ሩብ ያው ተቀባይ ያንኑ ማታለያ ሲደግም ልጄ ንቅንቅ አላለም፤ አብሮት ሮጦ፣ ጀርባውን ለኳሱ ሰጥቶ የነበረው ልጅ በመጨረሻዋ ሰከንድ ዞረና በግራ እጁ ጣቶች ጫፍ ኳሱን አስጣለው። ልጅዎ አንድ ጊዜ በመሸነፉ ሌሊቱን ሙሉ የሚያኮርፍ ከሆነ ሌላ ቦታ ይጫወት፤ ቶሎ የሚነሣ ከሆነ ግን ቦታው የእሱ ነው።

አጭር ነው የሚሉትንም አይስሟቸው። በዋሽንግተን ዙሪያ የምንኖር ሁሉ ስሙን የምንሰማው ዳሬል ግሪን ቁመቱ 1.75 ሜትር ገደማ ነበር። በ1983 ከአንድ ትንሽ የቴክሳስ ኮሌጅ ወጥቶ የኤንኤፍኤል ቡድኖች በየዓመቱ አዳዲስ ተጫዋቾችን በሚወስዱበት ምርጫ በመጀመሪያው ዙር መጨረሻ ላይ 28ኛ ሆኖ ተመረጠ፤ ለዋሽንግተን ቡድን ብቻ 20 የውድድር ዘመን ተጫውቶ 54 ኳሶችን ነጠቀ፤ በ2008ም ወደ ፉትቦል ዝነኞች አዳራሽ ገባ።

2. የዘጠነኛ ክፍሉን ወረቀት ዛሬውኑ ያውጡ። የኮሌጅ ስፖርትን የሚያስተዳድረው ኤንሲኤኤ፣ ዲቪዥን አንድ ወደሚባለው ከፍተኛው የኮሌጅ ውድድር ደረጃ ለሚገባ ተጫዋች 16 ዋና ዋና ትምህርቶችን ይጠይቃል፤ ከእነዚህ 10ሩ የመጨረሻው ዓመት ከመጀመሩ በፊት መጠናቀቅ አለባቸው፤ ከ10ሩም 7ቱ እንግሊዝኛ፣ ሒሳብ ወይም ሳይንስ መሆን ይኖርባቸዋል፤ የእነዚህ ትምህርቶች አማካይ ውጤትም ከ2.3 ማነስ የለበትም። ይህን አሰልጣኙም ይነግሩዎታል። ለእኔ ማንም ያልነገረኝ፣ ትምህርቶቹን የማጠናቀቂያው ሰዓት መቆጠር የሚጀምረው ተማሪው በየትኛውም አገር ቢሆን ዘጠነኛ ክፍልን ለመጀመሪያ ጊዜ ከጀመረበት ቀን መሆኑን ነው። ከዚያ አንሥቶ አራት ዓመት ይሰጠዋል፤ ትምህርት ቤቱ ክፍል ቢያስደግመውም ሰዓቱ አይቆምለትም።

ልጄ ዘጠነኛ ክፍልን አዲስ አበባ በጥሩ ውጤት ጨርሶ በ2011 መጣ። የትምህርት ቤቱ መዝጋቢ በማኅተም የታሸገውን ትራንስክሪፕት ከፈተችና «2003» የሚለውን ዓመት በጣቷ እያሳየች፣ ይህ የስምንት ዓመት ወረቀት ስለሆነ የዚህ ልጅ ሊሆን አይችልም አለችኝ። የእኛ አቆጣጠር ከእነርሱ እንደሚለይ፣ 2003 ዓ.ም. በእነርሱ ከ2010 መስከረም እስከ 2011 እንደሆነ አስረዳኋት። ቀና ብላ እንኳን ሳታየኝ ወረቀቱን በጠረጴዛው ላይ ወደ እኔ ገፋችና ከኋላዬ የተሰለፈውን ሰው ጠራች። በማግሥቱ ከባለቤቴ ጋር ተመልሰን የቀን ማመሳከሪያ አትመን ወሰድንላቸው፤ ካውንስለሩ (የትምህርት ቤቱ የተማሪዎች አማካሪ) ደግሞ ልጁ ዘጠነኛን ቢደግም ቋንቋውን ለመልመድ ይጠቅመዋል ብሎ ነገሩን በዚያው ዘጋው። ያን ጊዜ ስለ ሰዓቱ የሚያውቅ ሰው በዚያ ቢሮ ውስጥ አልነበረም፤ ወይም እያወቀ ሊነግረን አልፈለገም።

ውጤቱ በአሥራ ሁለተኛ ክፍል ታየ። በቃል ሙሉ ስኮላርሺፕ ቃል የገባለት የዲቪዥን አንድ ዩኒቨርሲቲ መዝገቡን ሲመረምር የልጁ አራት ዓመት አሥራ አንደኛን ሲጨርስ ማብቃቱን አገኘ። አዲስ አበባ የተማረው ሒሳብ እዚህ ከደገመው ጋር እንደ አንድ ተቆጠረ፤ ምክንያቱም አንድ ዓይነት ትምህርት ሁለቴ ቢወሰድ የሚቆጠረው አንዴ ነው። ለጀማሪዎች የሚሰጠው የእንግሊዝኛ ቋንቋ ትምህርትም ከዋና ዋናዎቹ ውስጥ አልገባለትም። በመጨረሻው ዓመት በከፍተኛ ውጤት የወሰዳቸው ትምህርቶች ደግሞ ጊዜው ካለፈ በኋላ የተወሰዱ ስለሆኑ ጉድለቱን ሊሞሉለት አልቻሉም። ዩኒቨርሲቲውም ቃሉን አነሣ። ወደ ቢሮው ተመልሼ ለምን ክፍል እንዳስደገሙት ስጠይቅ የተሰጠኝ መልስ፣ እኛ ተማሪ እናስመርቃለን እንጂ የኳስ ተጫዋች አናዘጋጅም የሚል ነበር። ይህን መልስ እስከ ዛሬ ይቅር አላልሁም። ልጄ በሜዳ ያጠፋው፣ በክፍል ያጎደለው ነገር አልነበረም።

እንግዲህ የእርስዎም ልጅ እንደ እኔ ልጅ ዘጠነኛን ደግሞ ከሆነ፣ ትምህርት ቤቱ አሥረኛ ክፍል ቢለውም በኤንሲኤኤ ቆጠራ ሦስተኛ ዓመቱ ላይ ነው። ያም ማለት 10ሩ ትምህርቶች በዚህ ዓመትና በክረምቱ ትምህርት መጠናቀቅ አለባቸው ማለት ነው። ካውንስለሩ የፈቀደው ትምህርት ሁሉ በኤንሲኤኤ የተፈቀደ አይደለም፤ እያንዳንዱ ትምህርት ቤት በኤንሲኤኤ የጸደቀለት የትምህርት ዝርዝር ስላለው፣ ልጅዎ የያዛቸውን ትምህርቶች ከዚያ ዝርዝር ጋር አንድ በአንድ ያመሳክሩ። ከአገር ቤት የመጣውን ማስረጃ ከነትርጉሙ ያዘጋጁ፤ የዓመተ ምሕረቱ ልዩነትም በትርጉሙ ላይ በግልጽ እንዲጻፍ ያድርጉ። ቢሮው የሚነግርዎትን ሁሉ በኢሜይል እንዲያረጋግጥልዎ ይጠይቁ፤ በቃል የተነገረኝን ሁሉ ኋላ ላይ አላልንም ብለውኛል።

3. ሦስተኛውን ስለ ገንዘብ ልጽፍ ነበር፤ ነገር ግን ስለ ገንዘቡ የማውቀውን ያወቅሁት ከዚያ በኋላ በሆነው ነው። ከዲቪዥን አንድ ቀጥሎ ያለው ዲቪዥን ሁለት የአራት ዓመቱን ሰዓት እንደዚያ አያጠብቅም፤ ኮሌጅ በሙሉ ጊዜ ከመግባቱ በፊት የተጠናቀቁ ትምህርቶች ይቆጠሩለታል፤ አሁን የሚጠየቀው አማካይ ውጤትም 2.2 ነው። ልጄ ይህን እንደ ውርደት ቆጥሮ ጨዋታውን ሊተው አስቦ ነበር። በፌብሩዋሪ 1 ቀን 2015 በሱፐር ቦውል (በኤንኤፍኤል የዋንጫ ጨዋታ)፣ ሲያትል ከግቡ አንድ ያርድ ርቀት ላይ ሆኖ ሲወረውር፣ ማልኮም በትለር የተባለው የኒው ኢንግላንድ ኮርነር ኳሱን ነጠቀና ቡድኑ 28 ለ 24 አሸነፈ። በትለር የተጫወተው ዌስት አላባማ በተባለ የዲቪዥን ሁለት ዩኒቨርሲቲ ነበር፤ በኤንኤፍኤል ምርጫም ማንም አልወሰደውም ነበር። ተጫዋቾች ለኮሌጆች የሚፈርሙበት ቀን ከጨዋታው ሦስት ቀን በኋላ፣ ረቡዕ ነበርና ልጄ ለዲቪዥን ሁለት ፈረመ። እዚያ አንድ የፉትቦል ቡድን ያለው የ36 ሙሉ ስኮላርሺፕ መጠን ለብዙ ተጫዋቾች ስለሚከፋፈል የደረሰው በከፊል ነበር፤ የቀረውን በፔል ግራንት (መንግሥት ለተቸገሩ ተማሪዎች በሚሰጠው የማይመለስ ድጋፍ) እና በእኔ የትርፍ ሰዓት ሥራ ሸፈንነው።

አራት የውድድር ዘመን ተጫወተ፤ የቡድኑም አምበል ሆነ። ሲጨርስ አንድ የኤንኤፍኤል ቡድን በጀማሪዎች ልምምድ ላይ ለሙከራ ጠራው፤ ቅዳሜና እሑድን አብሯቸው ሠራ፤ ሳያስፈርሙትም ሸኙት። አላፍርበትም፤ በመላው ሊግ 32 ቡድኖች ብቻ ናቸው፤ እያንዳንዱም በመደበኛ ዝርዝሩ የሚይዘው 53 ተጫዋች ነው። ዛሬ የሁለተኛ ደረጃ ሒሳብ መምህር ሲሆን ከሰዓት በኋላ ኮርነሮችን ያሠለጥናል፤ የመጡበት አገር ወረቀት ያላቸውን ልጆች ትራንስክሪፕትም ራሱ ይመረምርላቸዋል።

ስለዚህ ባለቤትዎ የሚፈሩት ትክክል ነው፤ ነገር ግን መፍትሔው ማስተው አይደለም። የተሳካለትም ቢሆን ደመወዙ በዜና እንደሚነገረው አይደለም። ጆሽ ኖርማን በ2016 ከዋሽንግተን ጋር የ5 ዓመት፣ የ75 ሚሊዮን ዶላር ውል ተፈራረመ፤ በ2020 መጀመሪያ ላይ ግን ውሉ ሳያልቅ አሰናበቱት፤ ያልተሠራበት ዓመት ገንዘብ ውሉ ዋስትና ካልሰጠው አይከፈልም። ዲግሪ የሌለው ኮርነር በ26 ዓመቱ እግሩ ቢጎዳ ምን ይሠራል የሚለውን ጥያቄ ልጅዎ ዛሬ እንዲመልስልዎ ያድርጉ።

ስለ ጭንቅላት ጉዳትም አጥብቄ ልናገር። ኮርነሮች ቀጫጭኖች ናቸው፤ ከእነርሱ በጣም የሚከብዱ ሯጮችን ይጥላሉ። ልጅዎ ጭንቅላቱን ተመትቶ ከተደናገረ ወይም ብርሃን ካስጠላው፣ አሰልጣኙ ምንም ቢል የሐኪም ጽሑፍ ሳይኖር ወደ ሜዳ እንዳይመለስ ያድርጉ፤ ሕጉም የሚለው ይህንኑ ነው።

ሰኞ ወደ ትምህርት ቤቱ ከመሄድዎ በፊት የልጅዎን ትራንስክሪፕት ስሙንና የልደት ቀኑን ሸፍነው በውስጥ መስመር ይላኩልኝ። ከልጄ ጋር ተቀምጠን የትኛው ትምህርት እንደሚቆጠርና የትኛው እንደማይቆጠር ምልክት አድርገን እስከ እሑድ ማታ እንመልስልዎታለን።