ስለ ሰዓሊና መምህር ቢኖድ ቤሃሪ ሙከርጂ፣ ጥያቄና መልስ

(ዓመቶቹ በፈረንጆች ናቸው)

ጥያቄ፦ ዓይነ ስውር ሰዓሊ ሲባል ግራ ገባኝ፣ ሲወለድ ጀምሮ ነው?

መልስ፦ አይደለም። በ1904 ሕንድ፣ ካልካታ ውስጥ ቤሃላ በሚባል ሰፈር ሲወለድ አንዱ ዓይኑ አያይም፣ ሌላኛውም በጣም ደካማ ነበር፣ በዛች በአንዷ ደካማ ዓይን ነው እንግዲህ 50 ዓመት እስኪያልፈው ድረስ የሳለውም ያስተማረውም። ጭራሽ የጠፋበት በ1950ዎቹ አጋማሽ የሞራ ግርዶሽ ኦፕሬሽን ተደርጎለት ሳይሳካ ሲቀር ነው። እኔ የሚያናድደኝ ሰው ስለ ዓይኑ ብቻ አውርቶ ስራውን ሳያይ ማለፉ ነው።

ጥያቄ፦ የት ተማረ?

መልስ፦ ምዕራብ ቤንጋል ያለው ሻንቲኒኬታን፣ የገጣሚው የታጎር ትምህርት ቤት። የስዕል ክፍሉ ካላ ባቫና በ1919 ሲከፈት ከመጀመሪያዎቹ ተማሪዎች አንዱ እሱ ነው፣ አስተማሪው ሰዓሊው ናንዳላል ቦስ ነበር፣ በኋላ እዛው አስተማሪ ሆነ። በ1937 ጃፓንም ሄዷል።

ጥያቄ፦ ከስራዎቹ አንድ ብቻ ምረጥልን ብንልህስ?

መልስ፦ ሳላቅማማ እዛው ሻንቲኒኬታን ያለው የሂንዲ ትምህርት ክፍል፣ የሂንዲ ባቫና ግድግዳ! 1946 እና 47 ላይ የሰራው ነው፣ የሦስት ግድግዳ የላይኛውን ክፍል ይሸፍናል፣ ርዕሱ የመካከለኛው ዘመን የሕንድ ቅዱሳን ሕይወት ነው። እርጥብ ልስን ላይ ነው የተሳለው፣ ልስኑ ሳይደርቅ መጨረስ አለብህ፣ ከደረቀ ማስተካከል የለም፣ እሱ ደግሞ ሙሉውን ንድፍ አስቀድሞ ግድግዳው ላይ ሳይገለብጥ በቀጥታ ሳለው፣ አስቡት እስኪ፣ በደንብ የሚያየው አፍንጫው ስር ያለውን ብቻ ነው፣ ግን ሰዉ ሁሉ እንደ ወንዝ ከአንዱ ጥግ ወደ ሌላው ይፈሳል፣ አንድም ቦታ አይቆራረጥም። ሸማኔው ካቢር አለ፣ ዓይነ ስውር ነበር የሚባለው ባለቅኔ ሱርዳስም አለ። ስዕሉ የተሰራበት ጊዜ ደግሞ አገሪቱ በሃይማኖት የምትከፈልበት ጊዜ ነው፣ ካቢር ሙስሊም ሸማኔዎች ቤት ያደገ፣ ሂንዱውም ሙስሊሙም የኔ የሚለው ሰው ነው። ለኔ ከዛ ዘመን የሕንድ ስዕል የሚወዳደረው የለም።

ጥያቄ፦ ዓይኑ ከጠፋ በኋላ አቆመ?

መልስ፦ ኧረ በፍጹም! ባለቀለም ወረቀት እየቆረጠ መለጠፍ ጀመረ፣ ቅርጹን በጣቱ ያገኘዋል፣ ቀለሙን በትዝታ ይመርጣል። በ1972 ደግሞ ካላ ባቫና ውስጥ በሸክላ ንጣፍ ትልቅ የግድግዳ ስራ ሰራ። ያኔም የአርት ታሪክ ያስተምር ነበር።

ጥያቄ፦ ታዋቂ ተማሪ አለው?

መልስ፦ የፊልም ዳይሬክተሩ ሳትያጂት ሬይ ተማሪው ነበር፣ በ1972 ስለሱ ዶክመንተሪ ሰርቷል። ሰዓሊው ሱብራማንያንም የሱ ልጅ ነው ማለት ይቻላል፣ ባሮዳ የሚባል የሕንድ ከተማ ሄዶ ስንቱን ትውልድ አስተማረ። የወለዳት ልጁ ምሪናሊኒ ደግሞ የሄምፕ ገመድ እየቋጠረች ከሰው የሚበልጡ ቅርጾች የሰራች ትልቅ አርቲስት ነበረች፣ በ2015 አረፈች።

ጥያቄ፦ የሂንዲ ባቫናው ግድግዳ አሁንም አለ?

መልስ፦ አለ። እሱ በ1980 አረፈ፣ ሻንቲኒኬታን ደግሞ በ2023 ዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ብሎ መዝግቦታል። ምዕራብ ቤንጋል የምትሄዱ ካላችሁ ከካልካታ በባቡር ሻንቲኒኬታን አጠገብ እስካለችው ቦልፑር ድረስ ነው።