«ቴክ» የተባለውን ግስ ለምትማሩ ወጣቶች

ውድ ወጣቶች፣

ዕድሜዬን በትርጉም ሥራ ያሳለፍሁ ሰው ነኝ፤ ዛሬ የምጽፍላችሁ «ቴክ» ስለተባለው የእንግሊዝኛ ግስ ነው። ትምህርት ቤት ሳላችሁ «መውሰድ ማለት ነው» ተብላችሁ ይሆናል። ፍቺው ስሕተት ባይሆንም በእርሱ ብቻ ተማምኖ መጽሐፍ የሚገልጥ ሰው ብዙ ገጽ ሳይሄድ ይደናገራል።

ይህ ግስ በትውልዱ እንግሊዝኛ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ793 በእንግሊዝ ምድር የሚገኘውን የሊንዲስፋርን ገዳም የዘረፉት ከስካንዲኔቪያ የተነሡ ቫይኪንጎች የተባሉ የባሕር ወራሪዎች ነበሩ፤ በቀጣዩ መቶ ዓመት ወገኖቻቸው በሰሜንና በምሥራቅ እንግሊዝ ሰፍረው ከአገሬው ጋር ተጋቡ፣ ተገበያዩ፤ መጨበጥንና መንካትን የሚገልጸው «ታካ» የተባለው ግሳቸውም በዚያው ኑሮ መካከል ገባ። እንግሊዞች ለዚሁ ድርጊት ከጀርመንኛው «ኔመን» ጋር አንድ ምንጭ ያለው «ኒማን» የሚል የራሳቸው ግስ ነበራቸው፤ ሆኖም ጥቂት መቶ ዓመታት አልፈው መጤው ነባሩን አስለቀቀው። ዛሬ የደነዘዘ አካልን የሚገልጸው «ነም» ከነባሩ ግስ የተረፈ ሲሆን፣ በመነሻው «የተወሰደ» ማለት ነበር። ለዕለት ኑሮ እጅግ የሚያስፈልግ እንዲህ ያለ ቃል እንኳ ከባዕድ መምጣቱ እስከ ዛሬ ያስደንቀኛል።

አሁን ግሱ የማይገባበት የለም። ከክኒን ጋር ሲመጣ መዋጥ ነው፤ ከታክሲ ጋር መያዝ፣ ከፎቶግራፍ ጋር ማንሣት፣ ከፈተና ጋር መፈተን ይሆናል። «ኦፍ» ሲከተለው ልብስ ይወልቃል፣ አውሮፕላንም ይነሣል፤ «አፍተር» ሲከተለው ደግሞ ልጅ አባቱን ይመስላል። ስለዚህ ለብቻው አትሸምድዱት፤ ከሚከተለው ቃል ጋር በሙሉ ዓረፍተ ነገር በደብተራችሁ ጻፉት።

ከሁሉ ይበልጥ የሚያሳስበኝ ግን ይህ ግስ በአማርኛችን ላይ የሚያደርሰው ነው። «ጊዜ ይወስዳል» የሚለው አነጋገር ተለምዶ ከቋንቋው ተዋህዷልና አልነቅፈውም፤ ነገር ግን ገላን መታጠብ እያለልን «ሻወር ወሰድሁ» ማለት፣ ስብሰባ ተካሄደ እንደማለት «ቦታ ወሰደ» ብሎ መጻፍ አማርኛውን ያደኸየዋል። ስትተረጉሙ የእንግሊዝኛውን ገጽ ዘግታችሁ፣ የተደረገውን ነገር እንግሊዝኛ ለማያውቁ እናታችሁ እንደምትነግሩ አድርጋችሁ ጮክ ብላችሁ ተናገሩት፤ ከአፋችሁ የወጣውን ግስ ጻፉና ከዚያ በኋላ ከመነሻው ጽሑፍ ጋር አስተያዩት።