ወንድሜ ታሰረ፣ ስሙ ግን አይወጣም

ጥያቄ፦ ኡበር የሚነዳው ወንድሜ ትናንት ማታ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ በፖሊስ ተያዘ። ኢንተርኔት ላይ ስሙን ባስገባ አይወጣም። ጠዋት ደግሞ አንድ ሰው ደውሎ «1,500 ዶላር በዜል ላኪ፣ አሁኑኑ እናስፈታዋለን» አለኝ። ግሪን ካርድ አለው፤ የስኳር ሕመምተኛም ነው። ምን ላድርግ?
እህቱ፣ ከሜሪላንድ

መልስ፦ ውድ እህታችን፣ ብሩን አይላኩ። የእስር መዝገብ ለማንም ክፍት ስለሆነ አጭበርባሪዎች ስም ከዚያ እያወጡ ለቤተሰብ ይደውላሉ። ዋስትና ሳይወሰን የሚከፈል ነገር የለም።

ሞንትጎመሪ ካውንቲ ውስጥ የተያዘ ሰው መጀመሪያ የሚወሰደው ሮክቪል ወዳለው ማቆያ ነው። አሻራና ፎቶ ተነሥቶ እስኪመዘገብ ሰዓታት ይፈጃል። ከዚያም በኋላ ካልተገኘ፣ ብዙ ጊዜ ጣጣው የስማችን አጻጻፍ ነው። ፀጋዬ አንዱ ጋ በ«ቲ» እና «ኤስ»፣ ሌላው ጋ በ«ኤስ» ብቻ ይጀምራል፤ ገብረ ሥላሴ አንዴ ተያይዞ አንዴ ተነጣጥሎ ይጻፋል፤ የመጨረሻ ስም ተብሎ የተመዘገበውም የአባት ወይም የአያት ሊሆን ይችላል። መንጃ ፈቃዱ ላይ ያለውን ይዘው፣ ቅደም ተከተሉንም እየቀያየሩ ይሞክሩ። የተሻለው ግን ማቆያው ጋ ደውሎ ስሙን ፊደል በፊደል፣ የልደት ቀኑንም ወረቀቱ ላይ እንዳለው መናገር ነው።

እዚያው ስልክ ላይ ከሕክምና ክፍሉ ጋር እንዲያገናኙዎት ይጠይቁ። የመድኃኒቱን ስም፣ መጠኑን፣ መጨረሻ የወሰደበትን ሰዓትና የፋርማሲውን ስልክ ይስጧቸው፤ ያነጋገሩትን ሰው ስምና ሰዓቱን ይጻፉ። ኢንሱሊን ከቤት ይዘው መሄድ አብዛኛውን ጊዜ ጥቅም የለውም፤ አይቀበሉም።

የማያውቁት ቁጥር ቢደውልም ያንሡ፣ እሱ ሊሆን ይችላል። ነገር ግን ስለተከሰሰበት ጉዳይ አንዲት ቃል አያውሩ። የእስር ቤት ስልክ ይቀዳል። «በአማርኛ ማን ይሰማናል» የሚሉ ወገኖቻችን ብዙ ናቸው፤ አቃቤ ሕግ ግን አስተርጓሚ ቀጥሮ ያስተረጉመዋል። «ጠበቃ እፈልጋለሁ በል፣ ሌላ አትናገር» ማለት ይበቃል።

በሜሪላንድ የታሰረ ሰው በ24 ሰዓት ውስጥ ኮሚሽነር (ከዳኛው በፊት ስለ ዋስትና የሚወስን የፍርድ ቤት ሹም) ፊት ይቀርባል፤ እዚያም አቅም ለሌለው ነፃ ጠበቃ አለ። ኮሚሽነሩ ያለ ገንዘብ ሊለቀው፣ ገንዘብ ሊጠይቅ ወይም ሊያቆየው ይችላል። ካልተለቀቀ ፍርድ ቤቱ በሚቀጥለው በሚከፈትበት ቀን ዳኛ ጉዳዩን እንደገና ያያል። እዚህ ላይ ቸኩለው ቦንድስማን (በክፍያ ዋስ የሚሆን ነጋዴ) ጋ የሚሮጡ ይጎዳሉ። ዋስትናው 5,000 ዶላር ቢሆን ቦንድስማኑ የሚጠይቀው ብዙ ጊዜ 10 በመቶ፣ ማለትም 500 ዶላር ነው፤ ይህ ብር አይመለስም፣ ዳኛው በማግስቱ ያለ ገንዘብ ሊለቀው ይችል የነበረ ቢሆንም። ወንድምዎ ቀጠሮ ቢቀር ደግሞ የፈረሙት እርስዎ ለሙሉው 5,000 ይጠየቃሉ። ሙሉውን ለፍርድ ቤቱ ራስዎ ካስያዙ ግን፣ ቀጠሮዎቹን ካከበረ ጉዳዩ ሲያልቅ ይመለስልዎታል። የሥራ ቀን ከሆነ አንድ ሌሊት መታገሥ ይሻላል እንላለን፤ ዓርብ ማታ ከሆነ ወይም ሕመሙ ከጠናበት ሌላ ነገር ነው።

ዳኛው ዘንድ ከመቅረቡ በፊት ለፐብሊክ ዲፌንደር (አቅም ለሌለው ነፃ ጠበቃ የሚያቆም የመንግሥት) ቢሮ ደውለው አድራሻውን፣ ሥራውን፣ ሕመሙንና እዚህ ያሉትን ዘመዶቹን ይንገሩ። የቤት ኪራይ ውሉን ይላኩ። አማርኛ አስተርጓሚ እንዲጠየቅለትም ያሳስቡ፤ ነፃ ነው፣ እንግሊዝኛው ለሥራ ቢበቃውም ለፍርድ ቤት ላይበቃው ይችላል።

ከሁሉም የሚያሳስበን ግሪን ካርዱ ነው። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2010 በሰጠው ውሳኔ፣ የወንጀል ጠበቃ ጥፋተኝነትን ማመን በኢሚግሬሽን ላይ የሚያስከትለውን ለደንበኛው የመምከር ግዴታ አለበት። ሜሪላንድ ውስጥ «ፒ ቢ ጄ» (ፕሮቤሽን ቢፎር ጀጅመንት፣ ጥፋተኛ ሳይባሉ በአመክሮ መታለፍ) የሚባል ስምምነት አለ፤ በስቴቱ ሕግ ጥፋተኛ አያሰኝም፣ ሰውም ተገላገልኩ ብሎ ይፈርማል። ጥፋቱን አምኖ ከተቀበለው ግን በኢሚግሬሽን ሕግ እንደ ጥፋተኝነት ሊቆጠር ይችላል። የኢሚግሬሽን ጠበቃ ሳያይለት ምንም እንዳይፈርም።

መኪናውንም አይርሱ። ተጎትቶ ከሆነ መኪናው ለቆመበት የሚከፈለው በየቀኑ ይጨምራል፤ ወንድምዎ ቁልፉን ለእርስዎ እንዲሰጡ የሚፈቅድ ወረቀት እስር ማቆያው ውስጥ መፈረም ይችል እንደሆነ ይጠይቁ።