በሩን ቆልፌዋለሁ? ስለ ኦሲዲ ከሲስተር ጋር ጥያቄና መልስ

ሲስተር፦ እንደምን አመሻችሁ። በአእምሮ ሕክምና ነርስነት 16 ዓመት ሠርቻለሁ። ኦሲዲ የምንለው ሳይፈልጉት የሚመላለስ ሐሳብና ያን ሐሳብ ለማብረድ የሚደጋገም ድርጊት ነው። ከመጀመራችን በፊት አንድ ነገር፦ መድኃኒት በራሳችሁ አትጀምሩ፣ በራሳችሁም አታቋርጡ።

ቤቲ፦ ቤቴ ተዝረክርኮ እንቅልፍ አይወስደኝም። ኦሲዲ አለብኝ ማለት ነው?

ሲስተር፦ በዚህ ብቻ አይባልም። ጽዳት ወዳድ ነሽ። ኦሲዲ ያለባት ሴት እጇን በበረኪና ስታጥብ ቆዳዋ ተሰነጣጥቆ እየደማም አታቆምም፤ ማቆም እየፈለገች። በቀን ከአንድ ሰዓት በላይ ሲወስድ ወይም ሥራና ኑሮን ሲያደናቅፍ ነው ሕመም የምንለው።

ዳዊት ከአዳማ፦ ወንድሜ ከቤት ሲወጣ የጋዝ ምድጃውን ማጥፊያ ደጋግሞ ያያል። ታክሲ ተራ ደርሶ ይመለሳል። ከዚያ ይደውልና «ዘግቼዋለሁ አይደል?» ይላል። እናታችን «አዎ ልጄ» ስትለው ይረጋጋል፤ ዐሥር ደቂቃ ሳይሞላ እንደገና ይደውላል። ምን እንበለው?

ሲስተር፦ ዛሬ የመጣሁት ለዚህ ጥያቄ ነው። የእናታችሁ መልስ ከፍቅር የመጣ ነው፤ ሕመሙን የሚቀልበውም እርሱ ነው። አንድ ወጣት ስልኩን ከፍቶ አሳይቶኝ ያውቃል፤ ከላይ እስከ ታች አንድ ዓይነት ፎቶ ነው፣ የምድጃ ማጥፊያ። ፎቶ ማንሳት የጀመረው ጥርጣሬውን ለመገላገል ነበር። ሳምንት ሳይቆይ «ይህ የዛሬ ነው ወይስ የትናንት?» አለ። ከዚያ ቀኑን በቁራጭ ወረቀት ጽፎ ከማጥፊያው አጠገብ እያደረገ ማንሳት ጀመረ። ቀጥሎ የወረቀቱን ቀን መጠራጠር መጣ። ይህ ጥርጣሬ ማስረጃ በጎረሰ ቁጥር ይበልጥ ይርበዋል።

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1966 ቪክቶር ማየር የተባለ የሥነ ልቦና ባለሙያ ለንደን ውስጥ፣ ሚድልሴክስ ሆስፒታል፣ ሁለት ታካሚዎችን እንዴት እንዳከመ ጻፈ። የሚፈሩትን ነገር እንዲነኩና እንዲጋፈጡ አደረገ፤ ከዚያ ግን የማብረጃውን ድርጊት እንዳይፈጽሙ ተከለከሉ። ቀኑን ሙሉ አጠገባቸው ሆነው የሚጠብቁት ነርሶች ነበሩ። ዛሬ በዓለም ላይ ለኦሲዲ ከሚሰጡ የንግግር ሕክምናዎች ዋናው ከዚያ የተነሣ ነው። ጭንቀቱ ካልቀለቡት ራሱ ይወርዳል፤ ታካሚው ይህን በገዛ ገላው ማየት አለበት።

ግን ዳዊት፣ ዛሬ ማታ በድንገት ዝም አትበሉት። ቁጭ ብላችሁ ከእርሱ ጋር ተስማሙ። «ስትደውል ሕመሙ እየጠየቀን እንደሆነ እናውቃለን፤ እንወድሃለን፣ ግን አንመልስም» በሉት። ባለሙያም ይየው።

ያልታወቀ፦ ሲስተር በጣም እጨነቃለሁ። መፍትሔ ካለ?

ሲስተር፦ በምን ትጨነቃለህ? ከመቼ ጀምሮ? እንዲህ ተብሎ ሲጠየቅ መልስ የለኝም።

ስሜን አልጽፍም፦ ቅዳሴ ላይ ስቆም የሚያሳፍር ስድብ በአእምሮዬ ይመጣል። ውዳሴ ማርያም ስደግም ቃል የተዛባብኝ ይመስለኝና ከመጀመሪያው እጀምራለሁ። በሳምንት አራት ጊዜ እናዘዛለሁ። ተኮንኛለሁ?

ሲስተር፦ እህቴ፣ ስለ ኩነኔ የንስሐ አባትሽን ጠይቂ፤ እኔ ስለ ሕመሙ ልንገርሽ። ይህ ሕመም ሰውን የሚይዘው አብዝቶ በሚወደው ነገር ነው። እናትን በልጇ፣ አማኝን በአምላኩ። ራክማንና ደ ሲልቫ የተባሉ ተመራማሪዎች እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1978 ጤነኛ ሰዎችን ሲጠይቁ አብዛኞቹ ያልጋበዙት ክፉ ሐሳብ ብቅ እንደሚልባቸው ተናግረዋል። እነርሱ ግን ትተውት ያልፋሉ፤ አንቺ ትታገይዋለሽ። አንዲት ታካሚዬን የንስሐ አባቷ «በሳምንት አንድ ቀን ብቻ ነይ፤ የተናዘዝሽውን አትድገሚ፤ የተሳሳትሽውን ጸሎት እግዚአብሔር ይሙላው» አሏት። ከእኔ ምክር ይልቅ የእርሳቸው ቃል ረድቷታል።

ገብረ ማርያም፦ ይህ የሰይጣን ፈተና ነው። ጠበል እንጂ ክኒን አይፈታውም።

ሙስጠፋ፦ እኛ ውስዋስ እንለዋለን። አጎቴ ለአንድ ውዱእ ጀሪካን ሙሉ ውኃ ይጨርስ ነበር፤ ሶላቱም ያልፈዋል። ኡስታዙ «እርግጠኛ የሆንክበት ነገር በጥርጣሬ አይፈርስም፤ አንዴ ከታጠብክ አበቃ» አሉት። ሐኪምም አየው። ሁለቱም ጠቅመውታል።

ገብረ ማርያም፦ እኔ ጠበል ላይ የዳነች ልጅ በዓይኔ አይቻለሁ።

ራሔል፦ እኔ ደግሞ ለጠበል ብላ መድኃኒቷን ያቆመች እህት አለችኝ። ዛሬ ከቤት አትወጣም።

ገብረ ማርያም፦ እምነት ስለጎደለ ነው።

ሲስተር፦ ራሔልን እንዲህ አትበላት። እህቷን የምታስታምም ሰው ናት። ጠበል አልከለክልም፤ እኔም እጠመቃለሁ። የምከለክለው መድኃኒት ማቋረጥን ነው። ገና ስንጀምር ተናግሬዋለሁ። ክርክሩ ይብቃ።

ናሆም፦ ሰርትራሊን የሚባለውን መድኃኒት ሦስት ሳምንት ወሰድኩ፤ ለውጥ የለም። ልተወው?

ሲስተር፦ አትተወው! ለኦሲዲ ከ8 እስከ 12 ሳምንት መታገሥ ያስፈልጋል፤ መጠኑም ብዙ ጊዜ ለድባቴ ከሚሰጠው ከፍ ይላል። ያዘዘልህን ሐኪም አነጋግር።

ፍቅርተ፦ ዋጋው ስንት ነው?

ሲስተር፦ ፋርማሲ ጠይቂ።

ማኅሌት፦ ፀጉሬን እነቅላለሁ። ይህም ኦሲዲ ነው?

ሲስተር፦ የቅርብ ዘመዱ ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2013 የወጣው የአሜሪካ የአእምሮ ሐኪሞች የሕመም መመደቢያ መጽሐፍ ፀጉር መንቀልን፣ ቆዳ መላጥንና ዕቃ ማከማቸትን ከኦሲዲ ጋር በአንድ ምዕራፍ አስቀምጧቸዋል። ሕክምናው ግን ይለያል፤ ለብቻው ሌላ ቀን እንነጋገርበት።

አዲስ እናት፦ ልጄ ሁለት ወሩ ነው። ቢላዋ ባየሁ ቁጥር «ብወጋውስ?» የሚል ሐሳብ ይመጣብኛል። ቢላዋዎቹን ሁሉ ለጎረቤት ሰጠሁ። ሕፃኑን የምታጥበው እናቴ ናት፤ እኔ ፈርቼ።

ሲስተር፦ በመጀመሪያ መልሺልኝ። አድርጊው የሚልሽ ድምፅ ትሰሚያለሽ? ማድረግ አለብኝ ብለሽስ ታምኛለሽ?

አዲስ እናት፦ ኧረ የለም! ሐሳቡ ሲመጣ ሰውነቴ ይንቀጠቀጣል። አለቅሳለሁ።

ሲስተር፦ የነገርሽኝ የኦሲዲን ይመስላል፤ ከወሊድ በኋላ ብዙ እናቶችን ይይዛል፤ ይታከማል። ድምፅ የምትሰማ ወይም ሐሳቡ ትክክል ነው ብላ የምታምን እናት ብትሆኚ ኖሮ አሁኑኑ ድንገተኛ ክፍል ሂጂ፣ ሕፃኑንም ለብቻሽ አትያዢ እልሽ ነበር። አንቺ ግን ነገ ጠዋት ከባለቤትሽ ጋር ሐኪም ዘንድ ሂጂ።

አዲስ እናት፦ እርግጠኛ ነዎት? አልጎዳውም አይደል?

ቤቲ፦ አይዞሽ እህቴ፣ በፍጹም አትጎጂውም!

ሲስተር፦ ቤቲ፣ ለዳዊት የጻፍኩትን አንብቢ። እባካችሁ ማናችሁም አትመልሱላት።

አዲስ እናት፦ ባለቤቴን አሁን ነገርኩት። ነገ እንሄዳለን። ግን ሲስተር፣ አንዴ ብቻ ይንገሩኝ...

ሲስተር፦ አልነግርሽም፣ የኔ እናት። ሕፃኑ አሁን የት ነው?

አዲስ እናት፦ እናቴ ይዛዋለች። እያለቀሰ ነው።

ሲስተር፦ ተቀበያትና አጥቢው።