«ተቀብለን በምንሆንበት ጊዜ» ወይስ «ሲደርሱን»? የፈረንሳይኛው ፊቲዩር አንቴሪዬር በአማርኛ

ጥያቄ፦ ጅቡቲ ውስጥ በአንድ የትራንዚት ድርጅት የፈረንሳይኛ ደብዳቤዎችን ወደ አማርኛ እተረጉማለሁ። በቅርቡ የመጣ ደብዳቤ «ካን ኑ ዞሮን ረሲዩ ሌ ዶኪዩማን፣ ኑ ሊቤርሮን ለ ኮንቴነር» ይላል። እኔ «ሰነዶቹ ሲደርሱን ኮንቴይነሩን እንለቃለን» ብዬ ተረጎምኩት። የሥራ ባልደረባዬ ግን ፈረንሳይኛው ረዳት ግስ ስላለው «ሰነዶቹን ተቀብለን በምንሆንበት ጊዜ» መባል አለበት፣ ያለዚያ ጊዜው ይጠፋል ይላል። እዚያው ደብዳቤ ላይ «ቮትር አዣን ኦራ ኡብሊዬ ድ ሲኜ ላ ፋክቲዩር» የሚል ዐረፍተ ነገር አለ። እሱን «ወኪላችሁ ኢንቮይሱን መፈረም ይረሳል» ብለን አለፍነው፤ ልቤ ግን አልተቀበለውም። የቱ ነው ትክክል?

መልስ፦ በመጀመሪያው ዐረፍተ ነገር እርስዎ ትክክል ነዎት። በሁለተኛው ደግሞ ልብዎ ያልተቀበለው በቂ ምክንያት ስላለው ነው፤ ትርጉሙ ስህተት ነው። ባልደረባዎ «ሆነ» የሚለውን ግስ ያስገቡት በማያስፈልግበት ቦታ ሲሆን፣ በሚያስፈልግበት ቦታ ደግሞ ቀርቷል።

ፈረንሳዮች ፊቲዩር አንቴሪዬር የሚሉት ወደፊት ከሚፈጸም ሌላ ድርጊት ወይም ከተወሰነ ጊዜ በፊት ተፈጽሞ የሚያልቅ ድርጊት የሚነገርበት ቅርጽ ነው። አሠራሩ ቀላል ነው። «አቯር» («አለኝ» እንደማለት) ወይም «ኤትር» («ነኝ» እንደማለት) የተባለው ረዳት ግስ ወደፊት ጊዜ ላይ ይረባል፤ ከዚያ ዋናው ግስ በፓርቲሲፕ ፓሴ ቅርጹ፣ ማለትም ያለቀ ድርጊትን በሚያሳየው ቅርጹ፣ ይከተለዋል። «ዦሬ ፊኒ»፣ «ቲዩ ኦራ ፊኒ»፣ «ኑ ዞሮን ፊኒ» እየተባለ ይቀጥላል። የመሄድ፣ የመምጣት፣ የመድረስ፣ የመወለድና የመሞት ግሶች፣ እንዲሁም ድርጊቱ ወደ ባለቤቱ የሚመለስባቸው ግሶች ሁሉ «ኤትር»ን ይወስዳሉ፤ «ዥ ስሬ ፓርቲ»፣ «ለ ናቪር ስራ አሪቬ» እንደሚባለው። ከ«ኤትር» ጋር ሲሆን ፓርቲሲፑ በአብዛኛው ከባለቤቱ ጋር በጾታና በቁጥር ይስማማል። ከ«አቯር» ጋር ሲሆን የሚስማማው ተሳቢው ቀድሞ ከመጣ ብቻ ነው። «የምጽፋቸው ደብዳቤዎች» ለማለት «ሌ ሌትር ክ ዦሬ ኤክሪት» ሲባል መጨረሻው ላይ «ት» የሚሰማው በዚህ ምክንያት ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር። «ዦሬ ፊኒ» በወደፊት ጊዜና «ዦሬ ፊኒ» በሁኔታዊ ግስ በብዙ ተናጋሪዎች አፍ ልዩነት የላቸውም፤ በጽሑፍ የሚለያቸው በረዳት ግሱ መጨረሻ ላይ ያለች አንዲት «ኤስ» ናት። የመጀመሪያው «ጨርሼ እጠብቃለሁ» ነው፤ ሁለተኛው «በጨረስኩ ነበር» ነው። ያቺ ፊደል ካመለጠችዎ የተሰጠ ተስፋ ወደ ቁጭት ይለወጣል፤ ስለዚህ ደብዳቤ ሲያነቡ ዓይንዎ የረዳት ግሱ መጨረሻ ላይ ይረፍ።

አሁን ወደ አማርኛው እንምጣ። ባልደረባዎ «ጊዜው ይጠፋል» ያሉት አማርኛ ቅደም ተከተልን እንዴት እንደሚያሳይ ስላላጤኑት ይመስለኛል። «ከበላሁ በኋላ እደውላለሁ» ስንል «በላሁ» ኃላፊ ነው፤ ምግቡ ግን ገና አልተበላም፣ ምናልባትም አልተሠራም። በጥገኛው ሐረግ ውስጥ ያለው ኃላፊ ግስ «ትናንት» ማለት አይደለም፤ «ከዋናው ድርጊት በፊት ያለቀ» ማለት ነው። ፈረንሳይኛ በሁለት ግስ የሚሠራውን ሥራ አማርኛ በአንድ ኃላፊ ግስና በአንድ መስተዋድድ ይጨርሰዋል። የሚጠፋ ጊዜ የለም።

ይህ ማለት ግን በ«ስ» የሚጀምረው ቅርጽ ሁልጊዜ ይበቃል ማለት አይደለም። እርስዎ «ሲደርሱን» ያሉት ትክክል የሆነው መድረስ በቅጽበት የሚፈጸም ድርጊት ስለሆነ ነው። «ስጨርስ እደውላለሁ»፣ «ስገባ እነግርሃለሁ» ቢባልም ያው ነው። ጊዜ የሚወስድ ድርጊት ሲመጣ ግን ነገሩ ይለወጣል። «ምሳ ስበላ እደውላለሁ» ያለ ሰው እያኘከ ነው የሚደውለው። «ምሳ በልቼ እደውላለሁ» ወይም «ከበላሁ በኋላ» ያለው ግን እጁን ታጥቦ ነው። ፈረንሳይኛ «ካን ዥ ማንዥሬ» እና «ካን ዦሬ ማንዤ» ብሎ የሚለየው ይህንኑ ነው። ስለዚህ «ካን ኑ ዞሮን ቬሪፊዬ ሌ ዶኪዩማን» የሚል ቢገጥምዎ «ሰነዶቹን ስንመረምር» ብለው አይተርጉሙት፤ ደንበኛው ምርመራው በተጀመረበት ሰዓት ኮንቴይነሩ የሚለቀቅ ይመስለዋል። «መርምረን ስንጨርስ» ወይም «ከመረመርን በኋላ» ይበሉ።

የሁለቱ ድርጊቶች ባለቤት አንድ ከሆነ ከሁሉም የሚያምረው ቦዝ አንቀጽ ነው፤ «ክፍያውን ተቀብለን ዕቃውን እንለቃለን»። ባለቤቶቹ ሁለት ሲሆኑ በተለይ በንግድ ደብዳቤ ላይ ቦዙን ይተውና «ከላካችሁልን በኋላ»፣ «ስትልኩልን» የሚለውን ይያዙ፤ ማን ምን እንደሚያደርግ ጥርት ብሎ ይታያል።

«ዴ ክ» እና «ኦሲቶ ክ» ለሚሉት መፍጠንን የሚያሳዩ ማያያዣዎች ብዙ ተርጓሚ «እንደ»ን ይመርጣል፤ «እንደደረሱን እንለቃለን» እንዲሉ። ጥሩ ምርጫ ነው፤ ነገር ግን ከማሳወቅ፣ ከመንገርና ከመግለጽ ግሶች ጋር ሲገናኝ አደጋ አለው። «መርከቡ እንደደረሰ እናሳውቃችኋለን» የሚለውን እንመልከት። አንዱ አንባቢ «በደረሰበት ቅጽበት መልእክት ይልኩልኛል» ብሎ ይረዳዋል። ሌላው ደግሞ «መርከቡ ደርሷል የሚል ማስታወቂያ ሊልኩልኝ ነው» ብሎ፣ መርከቡ የገባ ሊመስለው ይችላል። አማርኛ ሁለቱንም ይፈቅዳል። ሰው መጋዘን የሚከራየውና ከባድ መኪና የሚያዘጋጀው በዚህ ቃል ተማምኖ ነውና፣ እንዲህ ባለ ቦታ «መርከቡ ሲደርስ ወዲያውኑ እናሳውቃችኋለን» ማለት ይሻላል።

ለአፍራሹ ዐረፍተ ነገር አማርኛ የራሱ መንገድ አለው። «ታን ክ ቲዩ ኖራ ፓ ፊኒ፣ ቲዩ ን ሶርቲራ ፓ» የሚለውን «ሳትጨርስ አትወጣም» ብሎ ያሳጥረዋል። ሁለት ቃል ነው፤ የጎደለው ነገር የለም።

«ሲ» በሚለው ማያያዣ የሚጀምር ሁኔታ ላይ ደግሞ ፈረንሳይኛው ራሱ ወደፊት ጊዜን አይቀበልም። «ሲ ኑ ዞሮን ረሲዩ» ስህተት ነው፤ የሚባለው «ሲ ኑ ዛቮን ረሲዩ» ነው፣ በኃላፊ ጊዜ። እኛም «ሰነዶቹ ከደረሱን እንለቃለን» ስንል ኃላፊውን እንጠቀማለን። በዚህ ላይ ሁለቱ ቋንቋዎች ስለሚገጥሙ አማርኛ ተናጋሪ ተማሪ ደንቡን ለመያዝ አይቸገርም፤ መምህራን ቢጠቀሙበት ደስ ይለኛል።

ቅርጹ በዋናው ዐረፍተ ነገር ላይ ከቀነ ገደብ ጋር ሲመጣ መጠንቀቅ ያስፈልጋል። «ኑ ዞሮን ሊቭሬ ላ ማርሻንዲዝ አቫን ለ ካንዝ ማርስ» የሚለው ቁርጥ ያለ የውል ቃል ነው። ይህን «አስረክበን እንሆናለን» ብሎ የተረጎመ ሰው ግዴታውን ወደ ጥርጣሬ ይለውጠዋል። ቦዝ አንቀጽ ከ«ሆነ» የትንቢት ቅርጽ ጋር ሲጣመር የአማርኛ ጆሮ መጀመሪያ የሚሰማው «ምናልባት»ን ነው። «ሄዶ ይሆናል» ማለት ምናልባት ሄዷል ማለት ነው እንጂ ነገ ይሄዳል ማለት አይደለም። ስለዚህ «ዕቃውን ከመጋቢት 6 በፊት አስረክበን እንጨርሳለን» ይበሉ። መጋቢት 6 ያልኩት ፈረንጆቹ ማርስ 15 የሚሉት ቀን በእኛ አቆጣጠር እሱ ስለሆነ ነው፤ የወር ስሙን ብቻ ለውጦ ቁጥሩን እንዳለ መተው ውሉን 9 ቀን ያዘገየዋል። ሰዓት ሲሆንም እንዲሁ ነው፤ «አ ሚዲ ዦሬ ፊኒ» ማለት «እስከ ስድስት ሰዓት ጨርሼ እጠብቃለሁ» ነው። «እጠብቃለሁ»፣ «እገኛለሁ»፣ «እጨርሳለሁ» የሚሉትን እንደ ድርጊቱ ጠባይ ይምረጡ። እንዲያውም ቀነ ገደቡ በግልጽ ከተጻፈ «ከመጋቢት 6 በፊት እናስረክባለን» ብቻ ቢሉም በቂ ነው፤ እኔ በግሌ ይህን አጭሩን እመርጣለሁ።

የወኪሉ ዐረፍተ ነገር እንግዲህ እዚህ ላይ ይፈታል። ፊቲዩር አንቴሪዬር ሁልጊዜ ስለ ወደፊት አይናገርም። ፈረንሳይኛ ተናጋሪ ስላለፈ ነገር ሲገምትም ይጠቀምበታል። ቀጠሮ የያዘ ሰው ሲዘገይበት «ኢል ኦራ ማንኬ ሶን ትራን» ይላል፤ «ባቡሩ አምልጦት ይሆናል» ማለቱ ነው። ቃል በቃል ቢመዛዘኑ እንኳን የሚገርም መመሳሰል አለ፤ እኛም ያለፈውን ድርጊት በቦዝ አንቀጽ እናስቀምጥና ግምቱን በትንቢት ግስ እናሥረዋለን። ባልደረባዎ ለ«ሆነ» የፈለጉለት ቦታ ይኸው ነው። «ወኪላችሁ ኢንቮይሱን መፈረም ይረሳል» ሲባል ሰውየው ወደፊት ይረሳል ብሎ መተንበይ ወይም የመርሳት ልማድ አለበት ብሎ መውቀስ ይሆናል። ደብዳቤው ያለው ግን «ወኪላችሁ ኢንቮይሱን መፈረም ረስቶ ይሆናል» ነው፤ ወኪሉ ሊከበር የሚገባው ሰው እንደሆነ ካወቁም «ረስተው ይሆናል»። ጸሐፊው ጥፋቱን አውቆ በለዘብታ ነው የጠቆመው፤ ይህ ለዘብታ በአማርኛውም መታየት አለበት፣ ምክንያቱም ደንበኛው መልስ የሚጽፈው በደረሰው ቃል ቃና ነው።

ከትራንዚት ሥራ ውጭ ጋዜጣ ሲያነቡ ደግሞ ስለ አንድ ታላቅ ሰው ሕይወት «ኢል ኦራ ማርኬ ሶን ሲዬክል» የሚል ይገጥምዎታል። ሰውየው ያረፈ ሊሆን ይችላል፤ ግሱ ግን ወደፊትን ይመስላል። ይህ ወደ ኋላ ዞር ብሎ የአንድን ሕይወት ድምር የሚያሳይ አጠቃቀም ነው፤ በአማርኛ «በዘመኑ ላይ አሻራውን ጥሎ አልፏል» ብለው በኃላፊ ጊዜ ይተርጉሙት።