የፍላሽ ባትሪ ሠርግ መሐል ለምን ያልቃል?

በአራት ትንንሽ (AA) ባትሪ ድንጋይ የሚሠራው የካሜራ ፍላሽዎ ከሐይቅ ዳር ፎቶ በኋላ ለማታው አዳራሽ አቅም እንደሚያጣ ገልጸው፣ ትልቅ ቁጥር የተጻፈበት ባትሪ መግዛት ያዋጣ እንደሆነ ጠይቀዋል። ሐዋሳ ውስጥ ሠርግ በማንሣት እንደምተዳደር ሰው የምመክረው፣ ገንዘብ ከማውጣትዎ በፊት አጠቃቀምዎን እንዲመረምሩ ነው።

በቀትር ፀሐይ የሙሽሮቹን ፊት ከጥላ ለማውጣት ፍላሽ ስናበራ፣ የኋላውን ሐይቅ ለማደብዘዝ ሌንሱን በሰፊው ከፍተን፣ ብርሃኑ እንዳይበዛ የሻተሩን (ብርሃን ወደ ካሜራው የሚያስገባው መጋረጃ) ፍጥነት ከ1/250 ሰከንድ በላይ እናደርጋለን። ያን ጊዜ ፍላሹ ለፈጣን ሻተር ወደተዘጋጀው አሠራር፣ ወደ ሃይ ስፒድ ሲንክ ይገባና፣ አንዴ ብልጭ ብሎ ከማቆም ይልቅ ሻተሩ ምስሉን የሚቀበለውን ሴንሰር አቋርጦ እስኪያልፍ ድረስ ያለማቋረጥ ስለሚርገበገብ፣ ያንኑ ብርሃን ለመስጠት እጅግ የበዛ ኃይል ይፈጃል። ባትሪዎ የሚያልቀው በአብዛኛው እዚህ ላይ ይመስለኛል። ሙሽሮቹን ከዋርካዎቹ ጥላ ሥር አቁመው ሻተሩን 1/200 ላይ ቢያቆዩት ልዩነቱን ወዲያው ያዩታል። ማታ ደግሞ አይ ኤስ ኦውን፣ ማለትም ካሜራው ለብርሃን ያለውን ስሜት፣ ከ400 ወደ 1600 ማሳደግ ከፍላሹ የሚፈለገውን ብርሃን ወደ ሩብ ያወርደዋል።

ወደ ባትሪው ስንመጣ፣ አልካላይን 1.5 ቮልት፣ ቻርጅ የሚደረገው ኒኬል ሜታል ሃይድራይድ ግን 1.2 ቮልት መሆኑ ብዙ ሰው ያሳስታል፤ የኋለኛው የውስጥ ተቃውሞው አነስተኛ ስለሆነ ብዙ ኤሌክትሪክ በአንድ ጊዜ ይለቃል፣ ፍላሹም ቶሎ ይሞላል። እኔ የምመርጠው እንደ ኢኔሉፕ ያለ፣ ተቀምጦ ቻርጁን ቶሎ የማያጣ፣ 2000 ሚሊ አምፔር ሰዓት (የባትሪ አቅም መለኪያ) ገደማ የሚይዝ ዓይነት ነው። በዚህ መጠን ባትሪ ላይ ከ3000 በላይ ተጽፎ ካየሁ፣ ሻጩ የፈለገውን ቢምል አልገዛም።

አራቱን አብረው ገዝተው፣ በላያቸው ላይ አንድ ፊደል ጽፈው፣ ሁልጊዜ አብረው ይጠቀሙባቸው፤ አሮጌና አዲስ ሲቀላቀል ደካማው ቀድሞ ባዶ ይሆናል፣ የቀሩትም በግድ ኤሌክትሪክ እያሳለፉበት ዋልታው (ፖዘቲቭና ኔጌቲቩ) እስኪገለበጥ ያበላሹታል። ቻርጀሩም እያንዳንዱን ባትሪ ለብቻ የሚቆጣጠር ይሁን። ለቀናት የማይሠሩ ከሆነ፣ በተለይ አልካላይን ሊያፈስ ስለሚችል፣ ባትሪውን አውጥተው ያስቀምጡ፤ ፀሐይ ላይ በቆመ መኪና ውስጥም አይተዉት። ፍላሹ ሥራ ፈትቶ ሲከርም ለብልጭታው ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅመው ካፓሲተር ስለሚዳከም፣ በወር አንዴ ባትሪ አስገብተው ጥቂት ጊዜ በሙሉ ኃይል ያብሩት፤ ካፓሲተሩ 300 ቮልት ገደማ ስለሚይዝ ግን ሽፋኑን በራስዎ አይክፈቱ።