ጦርነቱን ያላየ ሰው ስለ ጦርነቱ ሊጽፍ ይችላል ወይ?
ጦርነትን በዓይኑ ያላየ ሰው የአሜሪካን የእርስ በርስ ጦርነት ሕያው አድርጎ ሊተርክ ይችል እንደሆነ ለጠየቁት፣ መልሴ አዎን ነው። አሜሪካዊው ደራሲ ስቴፈን ክሬን የተወለደው ጦርነቱ ካበቃ ከ6 ዓመት በኋላ፣ በ1871 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ በ1895 በመጽሐፍ መልክ የወጣው «ዘ ሬድ ባጅ ኦፍ ከሬጅ» የተሰኘው የጦር ሜዳ ልቦለዱ ግን አንዳንድ አንባቢዎችን ደራሲው ራሱ የዘመተ እስኪመስላቸው ድረስ አሳምኗቸዋል። ምስጢሩ፣ በእኔ እምነት፣ ከጄኔራሎቹ ካርታ ይልቅ የአንድን ወጣት ወታደር ፍርሃት መከተሉ ነው፤ ተመራማሪዎች ልቦለዱን በ1863 ከተካሄደው የቻንስለርስቪል ውጊያ ጋር ቢያዛምዱትም፣ ክሬን የውጊያውን ስም እንኳ አይጠራም። ወጣቱ በጭሱ መካከል የሚያየው በአጠገቡ ያሉትን ጓዶቹን ነው፤ ተራው ወታደርም በዚያች ሰዓት ከዚህ የሰፋ ነገር ማየት አይችልም ነበር። እርስዎም ሲጽፉ ቀኑንና ቦታውን አጣርተው ይያዙ፤ ገጸ ባሕሪዎ ግን በቆመበት ቦታ ሊያውቀው ከሚችለው በላይ እንዲያውቅ አይፍቀዱለት።